ዓሣውን የገደለው በሽታው ነው ወይስ ፓምፑ?

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ዓሣ ነው። ቆዩ፣ ገጹን አትግለጡብኝ! ስለ ዓሣ ጉላሽና ስለ ዓሣ ለብለብ አይደለም። መስታወት ገንዳ ውስጥ ሆኖ ሳሎን ስለሚዋኘው፣ ባለሱቆቹ «አኳሪየም» ስለሚሉት ነው። «በዚህ ኑሮ! ሰው ለራሱ አጥቶ ለዓሣ የመብራት ይከፈላል?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። መብታችሁ ነው። እኔ ግን የምጽፈው ገዝተው ለገቡበት፣ ወይም ስጦታ ተብሎ ለተጣለባቸው ነው።

አዲስ አበባ ካፌ ገብቶ ማኪያቶውን እያማሰለ የዓሣ ገንዳ ላይ ያልፈዘዘ ወጣት ማን አለ? ስልኩ ላይ ያን ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ የባሕር ኮራል እያየ «እኔም ቤት እንዲህ ያለ ቢኖር!» ብሎ ያልተመኘስ? ለልደት፣ ለፍቅረኞች ቀን፣ ሁለት ወርቃማ ዓሣ በላስቲክ አንጠልጥሎ የሚሄድ ጎረምሳም አይቻለሁ። መጨረሻው ደግሞ የታወቀ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ዓሣው ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይንሳፈፋል። ልጅቷ ታለቅሳለች። ልጁ «ከመጀመሪያውም በሽተኛ ነበር፣ ሸወዱኝ» ይላል። ሁሉም ነገር በበሽታ ይመካኛል! ሦስት ዓመት ከገንዳ ጋር አንድ ቤት ኖሬ የታዘብኩት ግን ሌላ ነው። በእኛ ቤት ከሞቱት ዓሦች ውስጥ በሽታ ብቻውን የገደለው አንድም የለም። ከበሽታው በፊት ሁልጊዜ አንድ የተበላሸ ዕቃ አለ።

የገንዳው ባለቤት አባባ ናቸው። ቤታችን ሸዋ ሮቢት ነው። ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በደሴ መንገድ፣ ጣርማ በርን አልፎ ከደብረ ሲና ቁልቁል ሲወርዱ ወበቁ ፊትን ላፍ የሚያደርግበት የይፋት ቆላ ማለት ነው። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። አሰብ የእኛ ወደብ በነበረ ጊዜ በሸዋ ሮቢት፣ በኮምቦልቻ፣ በባቲ፣ በሚሌ አድርገው አሰብ ይገቡ ነበር። በ1990 ዓ.ም ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲጀመር የአሰብ መንገድ ተዘጋ፤ መኪናው ሁሉ ፊቱን ወደ ጅቡቲ አዞረ። አባባም ጅቡቲ ተመላልሰዋል። ወሬያቸው ግን አሰብ ነው። ጭነት ለማንሳት ወረፋ ሲጠብቁ ባሕሩ ዳር ይወርዳሉ። ውሃው ጥርት ያለ ነው። ድንጋይ በሚመስለው ኮራል መሐል ደግሞ ነጭ መቀነት የታጠቁ ቢጫ ቢጫ ጥቃቅን ዓሦች ሽው ሽው ይላሉ። «ሙሽራና ሚዜ ይመስሉሻል» ይሉኛል።

ኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ እንደ ብዙው ሰው ቤታችንን ቆልፈን ደብረ ብርሃን ወጣን። ስንመለስ ቤቱ ቆሞ ጠበቀን፤ ተመስገን ነው። በዓመቱ ግን አባባን ስትሮክ መታቸውና ግራ ጎናቸው ዛለ። ያን ሁሉ ዘመን መሪ የጨበጠ እጅ እንጀራ መቁረስ ሲያቅተው ማየት… ይለፈኝ። እኔ አዲስ አበባ ቤት ተከራይቼ ለጋዜጣ እየጫርኩ ነበር የምኖረው። እማዬን ላግዝ ብዬ ተመለስኩ። አባባ ሥራቸው ግድግዳ ማየት ሆነ። አይናገሩም፤ ምግብ ሲቀርብላቸው ሁለት ጉርሻ ጎርሰው «በቃኝ» ይላሉ። ሐኪሙ «እጃቸውን ያንቀሳቅሱ፣ ሰው ያጫውታቸው» አለን። ታዲያ ታናሽ ወንድሜ ምን ቢያስብ ጥሩ ነው? «አሰብን እዚህ እናምጣላቸው!»

የባሕር ዓሣ ከነኮራሉ ሊገዛ ማለት ነው። አጠያየቀና በሁለት ቀን ተስፋ ቆርጦ መጣ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ስልክ ላይ አይቶ የሚመኝ ብዙ ነውና። የባሕር ውሃ በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ይዟል። ቀይ ባሕር ደግሞ ከሌላው ይብሳል፤ ወደ 40 ይጠጋል። መቶ ሊትር ለምትይዝ ገንዳ ሦስት ኪሎ ተኩል ጨው ማለት ነው፤ ውሃ በተቀየረ ቁጥር እንደገና ይጨመራል። የወጥ ጨው ደግሞ አይሆንም። ኮራል አጥንቱን የሚሠራበት ካልሲየምና ማግኒዥየም ያለበት፣ ለዚሁ ተብሎ የሚዘጋጅ ጨው ነው የሚፈልገው። ኮራል ድንጋይ እንዳይመስላችሁ፤ እንስሳ ነው። ባሕሩ ከለመደው ትልቁ የበጋ ሙቀት አንዲት ዲግሪ አልፎ ለሳምንታት ከቆየ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ቶሎ ካልቀዘቀዘለትም ይሞታል። ታዲያ በሸዋ ሮቢት ወበቅ ቀን ከሌት የሚሠራ የውሃ ማቀዝቀዣ ሊገተርለት ነው? ከአባባ መድኃኒት በላይ ይፈጃል! ለነገሩ የአባባ «ሙሽራና ሚዜ» ውሸት አይደለም። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው የካርቱን ፊልም ላይ ኒሞ የተባለውን ዓሣ ታስታውሱታላችሁ? የእሱ ዘመድ፣ ሁለት ነጭ ቀበቶ ያለው ቢጫ ዓሣ ቀይ ባሕር ውስጥ ይኖራል።

እና ወንድሜ የጣፋጭ ውሃ ዓሣ ይዞ መጣ። ሰማንያ ሊትር የምትይዝ የመስታወት ገንዳ፣ አራት ወርቃማ ዓሣ፣ አንድ ካርቶን «ሙሉ ሴት» ዕቃ። አውቶቡስ ውስጥ ዓሣዎቹን ላስቲክ ውስጥ አድርጎ ታቅፎ ነው የመጣው። ጣርማ በር ላይ ከፍታው ከሦስት ሺህ ሜትር ሲያልፍ ላስቲኩ እንደ ፊኛ ተነፍቶ «ሊፈነዳብኝ ነው» ብሎ ቃል ሲገባ፣ ሲሳል፣ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ መልሶ ሟሸሸለት። በትምህርት ቤት የአየር ግፊት የተባለው ይኼ ነው አሉ። አባባ ላስቲኩን ሲያዩ ከስንት ወር በኋላ ቀና ብለው ተቀመጡ። «ስንት ናቸው?» አሉ። በቃ፣ ቤቱ ውስጥ ወሬ ተመለሰ።

ወሬው ብዙ አልቆየም። ካርቶኑ ውስጥ አየር የሚነፋ ፓምፕ፣ የውሃ ማጣሪያ፣ መብራትና ማሞቂያ ነበር። ማሞቂያ! በቆላ! ባለሱቁ «ውሃው 25 ዲግሪ ሲደርስ በራሱ ይቆማል» ብሎታል። ጊዜው ታኅሣሥ ስለነበረ፣ ሌሊቱም ቀዝቀዝ ስለሚል፣ ወንድሜ እንደተባለው ሰካው። ማሞቂያው ግን መቆሙን ትቶት ኖሯል። ውስጡ ያለችው ሙቀት መለኪያ ማብሪያ ማጥፊያ አንዴ ከተጣበቀች ያለማቋረጥ ያፈላል። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ውሃው 36 ዲግሪ ገብቷል፤ የሰው ገላ ማለት ነው። ዓሣዎቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው ያዛጋሉ። ሁለቱ ሲመሽ ሞቱ። አባባ እራት አልበሉም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ይህ ማሞቂያ የሚባል ዕቃ የሚበላሸው በሁለት መንገድ ነው። አንድም ጭራሽ አይበራም፣ አንድም ጭራሽ አይጠፋም። ሁለተኛው ነው ገዳዩ። አዲስ አበባ ያላችሁ፣ የክረምቱ ብርድ ስለሚያስቸግር ተጠቀሙበት፤ ግን ባለ ጥቂት ብር የውሃ ቴርሞሜትር መስታወቱ ላይ ለጥፉና ጠዋትና ማታ ተመልከቱ። ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬ፣ አዋሽ፣ ድሬዳዋ ያላችሁ ደግሞ ለጎረቤት ስጡት! እሱም ምን እንደሚያደርግበት እንጃ።

ወርቃማው ዓሣ ራሱ የቆላ ፍጥረት አይደለም። ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ሲሆን ነው ደስ የሚለው፤ አዲስ አበባ ለሱ ገነት ናት። ቆላ ላለ ሰው የሚሻለው ጋፒና ሞሊ የሚባሉት ትንንሾቹ ናቸው፤ ሙቀት ለምደዋል። የተረፉትን ሁለት ወርቃማዎች ወንድሜ በመጣበት ሁኔታ መልሶ ደብረ ብርሃን ላለች አክስታችን ሰጣት። እስካሁን አሉ፣ ወፍረዋል። ለአባባ ስምንት ጋፒ መጣላቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስንማር መምህራችን «ውሃ ሲሞቅ በውስጡ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል» ብለው ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ፣ ይኼ ነገር ምን ያደርግልኛል ብዬ ለፈተና ብቻ ነበር የሸመደድኩት። ለካ ለአባባ ዓሣ ኖሯል! ከባሕር ጠለል ላይ 20 ዲግሪ የሆነ ውሃ በአንድ ሊትር 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። 30 ዲግሪ ሲሆን ወደ 7 ተኩል ይወርዳል። አገሩ ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል። ዓሣው በበኩሉ ሲሞቀው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ የበለጠ ኦክስጅን ይፈልጋል። ገቢው ሲቀንስ ወጪው ጨመረ ማለት ነው፤ ይህን ኑሮ ከእኛ በላይ ማን ያውቀዋል? ስለዚህ የቆላ ገንዳ ነፍሱ ያለችው በዚያች ጥርርር በምትል የአየር ፓምፕ ውስጥ ነው።

ፓምፗ ደግሞ ውስጧ ያለች ስስ ጎማ ናት የምትሠራላት። ጎማዋ በሙቀት ትደርቅና ትሰነጠቃለች። ድምፁ አለ፣ አየሩ የለም። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው፤ «ይጮኻል እኮ» ይላል። የሚታየው ድምፁ ሳይሆን አረፋው ነው። እኛ ቤት ጎማዋ ስትቀደድ የሰፈራችን ብስክሌት ጠጋኝ ከአሮጌ የውስጥ ጎማ ቆርጦ ሠራልን፤ ሁለት ሳምንት አገለገለችን። ከዚያ በኋላ ወንድሜ መለዋወጫውን አዲስ አበባ ሲሄድ ሦስት አድርጎ ይገዛል።

ሌላው የፓምፕ ጣጣ ከሁሉም ያስፈራኛል። ፓምፑን ብዙ ጊዜ ከገንዳው በታች፣ ወለል ላይ ያስቀምጡታል። መብራት ሲጠፋ አየሩ ይቆምና ውሃው በቀጭኗ ቱቦ ወደ ኋላ ይመለሳል። ቤንዚን በጎማ ስበው ለሚቀዱ ሾፌሮች አዲስ ነገር አይደለም። ውሃው ፓምፑ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ዲቫይደሩ ላይ ይንጠባጠባል፤ መብራት ሲመጣ ያን ጊዜ ጉድ ፈላ! አንድ የማውቀው ቤት ዲቫይደሩ ተቃጥሎ መጋረጃ ይዞ ነበር፤ ሰው ስለነበረ ተረፈ። መፍትሔው ቀላል ነው። ፓምፑን ከውሃው በላይ መደርደሪያ ላይ ስቀሉት። ቦታ ከሌለ ውሃ ወደ ኋላ የማይመልሰውን ትንሽዬ ቫልቭ ቱቦው መሐል ክተቱ። ገመዱ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ተጎንብሶ እንዲወጣ አድርጉት፤ ያኔ በገመዱ የወረደ ውሃ ሶኬት ውስጥ ሳይገባ መሬት ላይ ይንጠባጠባል። እጃችሁን ገንዳው ውስጥ ከመክተታችሁ በፊትም ሁሉንም ንቀሉ።

ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ፣ ሙቀቱ ሌሊትም አልበርድ ባለበት ሰሞን፣ ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። እንዲህ ላለ ቀን ብለን በፓወር ባንክ የምትሠራ ትንሽ ፓምፕ ገዝተን ነበር። ፓወር ባንኩ ግን በተከታታይ ሦስት ቀን የመብራት መቆራረጥ ተሟጦ ነበር። ለአራት ሰዓት ያህል ደህና ቆዩ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ በባትሪ ሳበራ ጋፒዎቹ ሁሉ የውሃው ገጽ ላይ ተደርድረው አፋቸውን ይከፍታሉ። አባባ አልተኙም ኖሯል። «ጆግ አምጪልኝ» አሉ። ወንበራቸውን ገንዳው አጠገብ ሳብኩላቸው። በደህናው እጃቸው ውሃውን ቀድተው፣ ከፍ አድርገው፣ መልሰው ቸርርር አደረጉት። ውሃ ከላይ ሲወርድ አየር ይዞ ይገባል። አሁንም ቀዱ፣ አሁንም ለቀቁ። «ልተካዎት» ስል «ሂጂ ተኚ! እኔ ደናክል በረሃ ላይ ስንት ሌሊት ራዲያተር ውሃ እያጠጣሁ ያደርኩ ሰው ነኝ» አሉኝ። ከስትሮኩ በኋላ እንዲህ ረጅም ሲያወሩ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር። ቀኙ ሲደክማቸው በዛለው ግራ እጃቸው የጆጉን ቂጥ ደገፉት። ይንቀጠቀጣል፤ ግን ደገፈ። ዳኑ አልልም፤ እስከ ዛሬም ግራ እጃቸው ቁልፍ አይቆልፍም። እኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው። መብራት የመጣው ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ነው። አንድም ዓሣ አልሞተም።

መብራት መጥቶም ግን ቶሎ ብሎ ማጣሪያውን መሰካት የለም። ማጣሪያው ስፖንጅ ውስጥ የዓሣውን ቆሻሻ የሚበሉ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ለረጅም ሰዓት ውሃ ካልሄደላቸው ታፍነው ይሞቱና ስፖንጁ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ሳታጥቡ ከሰካችሁት ያን መርዝ በአንዴ ገንዳው ውስጥ ይለቀዋል። ከገንዳው ራሱ በተቀዳ ውሃ ሳፋ ውስጥ ጭመቅ ጭመቅ አድርጋችሁ መልሱት። በቧንቧ ውሃ አይደለም፤ ክሎሪኑ የተረፉትንም ባክቴሪያዎች ይጨርሳቸዋል። ለገንዳው የምትጨምሩትንም የቧንቧ ውሃ አፉ ክፍት ባልዲ ውስጥ አንድ ቀን አሳድሩት። አዲስ ገንዳ ላይ እነዚህ ባክቴሪያዎች እስኪራቡ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። የስጦታው ዓሣ በሦስተኛ ሳምንቱ ለምን እንደሚሞት አሁን ገባችሁ?

በሽታውስ? መጣ እንጂ! በፋሲካ ሰሞን የወንድሜ ጓደኛ አባባን ሊጠይቅ ሦስት ጥቁር ሞሊ በላስቲክ ይዞ መጣ። ገና እየተሳሳምን ሳለ ላስቲኩን ፈትቶ ገንዳው ውስጥ ዘረገፈው። ደግነቱን እንጂ ሌላ አላሰበም። እንዳጋጣሚ በዚያው ሳምንት የማጣሪያው ሞተር አሸዋ ገብቶበት ግማሽ በግማሽ ነበር የሚሠራው። በአምስተኛው ቀን አባባ «የዚህ ጥቁሩ ላይ ጨው ተበትኖበታል» አሉ። እውነትም ገላውና ክንፉ ላይ የስኳር ፍሬ የመሰለ ነጭ ነጠብጣብ። በሦስት ቀን ውስጥ ሁሉም ተሸለሙ። ገላቸውን ከጠጠሩ ጋር ያሻሻሉ፣ ያካሉ።

ከዚያማ ሐኪሙ በዛ! አንዷ ጎረቤታችን «ዓይን ነው፣ ሰው ሁሉ እየመጣ ያፈጥበታል፣ ጨርቅ አልብሱት» አሉ። ሌላዋ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ወቅጠው ይዘው መጡ። አንድ ጎረምሳ ደግሞ «ቴትራሳይክሊን ፈልቅቀሽ በትኝበት፣ አዲስ አበባ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው» አለኝ። አባባ በአንድ አፍ መለሱለት። «ሞተር ሲሞቅ ቀለም አይቀቡትም፤ መጀመሪያ ምን እንደነካው እዩ።»

ነጭ ነጠብጣቡ በባክቴሪያ የሚመጣ አይደለም፤ በዓይን የማትታይ ጥገኛ ተውሳክ ናት። ስለዚህ ቴትራሳይክሊን አይነካትም፤ እንዲያውም ማጣሪያው ውስጥ ያሉትን ጠቃሚዎች ይገድልና ነገሩን ያብሰዋል። ተውሳኳ የዓሣው ቆዳ ሥር ተሸሽጋ ትወፍራለች፣ ጊዜዋ ሲደርስ ወድቃ የገንዳው ወለል ላይ ትጣበቃለች፣ እዚያ ተከፋፍላ በመቶ የሚቆጠሩ ልጆች ትለቃለች። ልጆቿ በሁለት ቀን ገደማ ዓሣ ካላገኙ ይሞታሉ። መድኃኒት የሚይዛቸው በዚህች በሚዋኙባት ጊዜ ብቻ ነው፤ ቆዳ ሥር ያለችውን ምንም አይደርስባትም። ነጠብጣቡ ሲጠፋ «ዳነ!» ብሎ መድኃኒት ማቆም ከንቱ ልፋት የሚሆነው ለዚህ ነው። ሙቀት ዑደቷን ያፋጥነዋል፤ በብርድ ውሃ ሳምንታት የሚወስድባት፣ በእኛ ቆላ ጥቂት ቀን ይበቃታል። ለክፋትም ለበጎም ነው፤ ቶሎ ትራባለች፣ ቶሎም ትያዛለች።

እኛ ያደረግነውን ልንገራችሁ። ከሱቅ 200 ግራም ጨው አስመዘንን፤ ለሰማንያ ሊትር በሊትር ሁለት ግራም ተኩል ማለት ነው። በአንዴ ሳይሆን በሁለት ቀን ከፋፍለን፣ በውሃ እያሟሟን ጨመርን። ጋፒና ሞሊ ጨው ይችላሉ፤ ቅርፊት የሌላቸው እንደ አምባዛ ዓይነት ዓሦች ግን ብዙ አይወዱም። በየሁለት ቀኑ ከወለሉ ቆሻሻውን በቱቦ እየሳብን ሲሶውን ውሃ ቀየርን፤ በወጣው ልክ ጨው ተካን። የማጣሪያውን ሞተር ፈትተን አሸዋውን አጠብን። ሁለት ፓምፕ አደረግን፣ ምክንያቱም ተውሳኳ መተንፈሻቸውንም ትይዛለች። ነጠብጣቡ ከጠፋ በኋላ ሁለት ሳምንት ቀጠልን። ከአሥራ አንዱ ሦስት ሞቱ። አባባ ጠዋት ጠዋት በመነጽር ነጠብጣብ ይቆጥሩ ነበር። «ዛሬ ቀይዋ ላይ አራት ቀርቷል» ይሉና ቁርሳቸውን ይበላሉ፤ የጨመረ ቀን ደግሞ አይበሉም። እማዬ ዓሣው ይዳን ብላ ስእለት እንደገባች ዘግይታ ነው የነገረችኝ። ለዓሣው ነው ለአባባ? አልጠየቅኋትም።

ውጭ አገር ሆናችሁ የባሕር ገንዳ ያላችሁም እኅት ወንድሞች፣ እናንተም ጋ የሚመሳሰል ነጭ ነጠብጣብ አለ፤ ተውሳኩ ግን ሌላ ነው። የእሱ መድኃኒት መዳብ ያለበት ነውና ኮራሉና ሽሪምፑ ባለበት ገንዳ አይጨመርም፤ ይፈጃቸዋል። ዓሣው ብቻ ተለይቶ ይታከማል። የትም ሁኑ የትም፣ አዲስ ዓሣ ሲመጣ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ለብቻው ይቆይ። እኛ ቤት አሁን አንድ ሰማያዊ ባልዲ አለች፤ እንግዳ ሁሉ እዚያ ነው የሚያርፈው። እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ ደግሞ ጓንት አድርጉ፤ ከዓሣ ገንዳ ወደ ሰው ቆዳ የሚተላለፍ፣ ለወራት የማይለቅ እብጠት የሚያመጣ ባክቴሪያ አለ።

የቆላ ሰው ሌላም ጣጣ አለበት። ወባ! ገንዳው በመጣ ሰሞን ጎረቤት አጉረመረመ። «ለቢምቢ ቤት ሠራችሁላት!» ተባልን። ጋፒ የትንኝ እጭ እየለቀመ እንደሚበላ እስኪያዩ አላመኑም፤ ከጓሮ በርሜላችን እጭ በሻይ ማጥለያ አጥልዬ ፊታቸው በተንኩት፣ ደቂቃ አልፈጀም። ቢምቢ የምትራባው ዓሣው ሞቶበት ውሃው በቀረ ገንዳ ውስጥ ነው፤ እንደዚያ ያለ ካላችሁ ድፉት። ይልቅ የፀረ ትንኝ መድኃኒቱን ፍሩ። ለቢምቢም ሆነ ለበረሮ የሚረጨው አብዛኛው መድኃኒት ለዓሣ መርዝ ነው፤ ፓምፑ ደግሞ የክፍሉን አየር ስቦ በቀጥታ ውሃው ውስጥ ነው የሚነፋው። ረጪዎቹ ሲመጡ (ሰዉ እስካሁን «ዲዲቲዎቹ» ይላቸዋል) ገንዳውን በላስቲክ ሸፍነን፣ ፓምፑን ነቅለን፣ አባባ ጆጋቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። ክፍሉ ተናፍሶ ሽታው እስኪወጣ ማንም ፓምፕ አይሰካም። አጎበሩ ግን ለዓሣው ምንም አያደርገውም፤ እሱ ሥር ተኙ።

እና የሰለቻችሁን ዓሣ ወይም የገንዳ ቅጠል ሮቢ ወንዝ ወስዳችሁ አትጣሉ። ጣና ላይ ከ2004 ዓ.ም አካባቢ ጀምሮ ስንት ሰው ያስለቀሰው እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ፣ በብዙ አገር ለአበባው ውበት ተብሎ ሲዘዋወር የኖረ ተክል ነው።

ጋፒ አንድ ጠባይ አላት፤ ትወልዳለች፣ ትወልዳለች፣ አታቆምም። ከስምንቱ የተረፉት አሁን ከስልሳ በላይ ሆነዋል። የሰፈሩ ልጆች በሃይላንድ ጠርሙስ ካልወሰድን እያሉ በር ያንኳኳሉ። የሚያድሉት አባባ ናቸው፤ ወንበራቸው ላይ እንደ ዳኛ ተቀምጠው አንድ በአንድ ያስቀርቧቸዋል። ስለ ምግብ አይጠይቁም፣ ስለ ገንዳውም አይጠይቁም። ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ሦስተኛ ክፍል የምትማር ልጅ ጠርሙሷን ይዛ ቆመች። «ሌሊት መብራት ሲጠፋ ማን ይነሳል?» አሏት። አሰብ አለችና «እናቴ» አለች። «በይ እናትሽን ይዘሽ ነይ» ብለው መለሷት። ሰኞ ከእናቷ ጋር መጣች፤ ሦስት ጋፒ ወሰደች፣ ከነጆጉ።